ጆተኒ ማጫወትም ሥራ ሆነ?

(በሰሜን ለንደን በአንድ የቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ቤት ለወላጆችና ለትልልቅ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሏል።)

እንደምን ዋላችሁ። እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እዚያ ኋላ ግድግዳውን ተደግፋችሁ ስልክ የምትነካኩት ታናናሾቼም፣ እንደምን ዋላችሁ። መምህራኑ «ስለ ሥራሽና ስለተማርሽበት መንገድ ሃያ ደቂቃ ንገሪልን» ብለው ነው የጋበዙኝ። ሃያው ደቂቃ በሐበሻ ሰዓት ይሁን በፈረንጅ ግን አልነገሩኝም።

ሥራዬ ዩዝ ወርከር ነው። በአማርኛ ምን ልበለው ብዬ ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ። «የወጣቶች ሠራተኛ» ስል ወጣቶች ቀጥረውኝ የምሠራላቸው ይመስላል። «የወጣቶች አማካሪ» ስል ደግሞ ወንበር ላይ ተቀምጬ ምክር የማድል ይመስላል። ስለዚህ እንደ ሁላችንም ዩዝ ወርከር ብዬ ልለፈው። የተማርኩት ደግሞ እየሠሩ ዲግሪ በሚያዝበት፣ ዲግሪ አፕሬንቲስሺፕ በሚባለው መንገድ ነው።

የጀመርኩ ሰሞን አንድ ሐሙስ ማታ እናቴ ሹራብ ረስቼ ነበርና ይዛልኝ ወደምሠራበት ማዕከል መጣች። ስትገባ ያገኘችኝ ከሦስት ጎረምሶች ጋር ጆተኒ ስጫወት ነው። ያውም እየጮህኩ። እናቴ ሹራቡን ሰጥታኝ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀችኝ። አውቶቡስ ላይ አንድ ቃል ሳትናገር ሦስት ፌርማታ ሄድን። ከዚያ «ለዚህ ነው ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩሽ? ጆተኒ ማጫወትም ሥራ ሆነ?» አለችኝ።

ያኔ መልስ አልነበረኝም። ዛሬ ያለኝን መልስ ነው የምነግራችሁ።

ልጆቻችን በቀን የሚያገኟቸውን ትልልቅ ሰዎች እስቲ ቁጠሩ። አስተማሪ አለ፤ ልጁ ቢቀር ለወላጅ ደብዳቤ ይጻፋል፣ ቅጣትም ይመጣል። ፖሊስ አለ፤ እሱስ ካቴና አለው። ሶሻል ወርከር አለ፤ ከጀርባው ፍርድ ቤት አለ። ሐኪሙ ጋ ወላጅ ጎትቶ ይወስደዋል። ሁሉም ልጁን የሚይዙበት አንድ ነገር አላቸው። ዩዝ ወርከር ምንም የለውም። ልጁ የሚመጣው ፈልጎ ነው፤ ከሰለቸው በሩ ክፍት ነው፣ ይወጣል። በዚህ ሙያ ቋንቋ በፈቃድ መምጣት ይባላል፤ የሥራው መሠረት እሱ ነው። ክብደቱም እዚያው ነው። እንዲመጣ ማስገደድ የማትችለውን የ15 ዓመት ልጅ በሚቀጥለው ሐሙስ እንዲመለስ፣ ከዚያም አንድ ቀን የልቡን እንዲያወራ፣ ከዚያም ለራሱ እንዲወስን ማድረግ ነው ሥራው። ጆተኒው ሰበብ ነው። ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ፣ እጅ ሥራ ይዞ፣ ጎን ለጎን ቆሞ ማውራት ለጎረምሳ ይቀለዋል። እናቶቼ ይህንን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ ሽንኩርት እየተላጠ የማይወራ ጉዳይ አለ?

ሙያው ትናንት የተፈጠረ አይደለም። ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራላችሁ። እዚህ አገር በ1950ዎቹ መጨረሻ ሁለት ነገር ገጠመ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተወለዱት ልጆች በብዛት ወደ ጉርምስና ደረሱ፤ በዚያው ሰሞን የግዴታ ውትድርና ሊቀር ሆነ። ወንዱን ልጅ በ18 ዓመቱ ተቀብሎ ሥርዓት የሚያስይዘው ጦሩ ነበር፤ እሱ ከሌለ ማን ይይዘዋል ተባለ። መንግሥት በ1958 አልበማርል በምትባል ባላባት ሴት የሚመራ ኮሚቴ አቋቋመ፤ ዘገባው በ1960 ወጣ። የወጣቶች አገልግሎት በተማሩ ባለሙያዎች ይሠራ የሚል ነበር። በዓመቱ ሌስተር ከተማ ውስጥ ለዚሁ የሚሆን ብሔራዊ ኮሌጅ ተከፈተና ሰዎችን በአንድ ዓመት እያሠለጠነ አወጣ፤ በ1970 ተዘጋ። ደመወዝንና የሙያ ማረጋገጫን በአንድነት የሚደራደረው፣ በምህጻሩ ጄ ኤን ሲ የሚባለው ኮሚቴም የዚያ ዘገባ ልጅ ነው። ይህችን ስም ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ። በ2010 ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ አዲስ የሚገባ ሰው ባለሙያ ዩዝ ወርከር ለመባል የግድ የመጀመሪያ ዲግሪ ያስፈልገዋል ተባለ።

ሙያው ዲግሪ በተጠየቀበት በዚያው ዓመት አካባቢ ገንዘቡ እየሾለከ ማለቅ ጀመረ። ሕጉ ካውንስሎች፣ ማለትም የየአካባቢው አስተዳደሮች፣ ከ13 እስከ 19 ዓመት ላሉ ልጆች ከትምህርት ሰዓት ውጭ የሚውሉበት በቂ ነገር እንዲያዘጋጁ ያዛል፤ ግን «በተቻለ መጠን» የምትል ቃል አለችበት። በዚያች ቀዳዳ ነው ሁሉም የወጣው። ለንደን ውስጥ ብቻ ከ2010 እስከ 2019 ድረስ ከወጣት ማዕከላት 30 በመቶ ያህሉ ተዘጉ። የተዘጋባቸውንና ያልተዘጋባቸውን ሰፈሮች ያነጻጸረ ጥናት አለ፤ ማዕከላቸው የተዘጋባቸው ልጆች ወንጀል ውስጥ የመግባት ዕድላቸው በ14 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ፣ በፈተናም ወደ ኋላ ቀሩ። እናቴ ያቺን ጆተኒ ስትንቅ ይህንን ቁጥር ባውቅ ኖሮ አውቶቡሱ ላይ እነግራት ነበር። ባታምነኝም።

አሁን ወደ መንገዱ። ዲግሪ አፕሬንቲስሺፕ የሚባለው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ተማሪ አይደላችሁም፤ ሠራተኛ ናችሁ። የቅጥር ውል ትፈርማላችሁ፣ በየወሩ ደመወዝ ይገባላችኋል፣ የዓመት ዕረፍት አላችሁ። ቀጣሪው ካውንስል ሊሆን ይችላል፣ በጎ አድራጎት ድርጅት ሊሆን ይችላል። ከሥራ ጊዜያችሁ ላይ ተቆርጦ ለትምህርት የሚሰጥ ጊዜ አለ፤ እኔ ስማር ደንቡ በአማካይ በሳምንት ቢያንስ 6 ሰዓት ይል ነበር፣ ለእኔ ማክሰኞ ሙሉ ቀን ነበር። አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ዓመት ይፈጃል። መጨረሻ ላይ የሚሰጠው ሌላው ተማሪ የሚያገኘው ዲግሪ ነው። ወረቀቱ ላይ «በሥራ ላይ የተማረ» የሚል ማሳነሻ የለበትም፤ ይህንን በተለይ ለአባቶች ነው የምለው፣ ፊታችሁን አይቻለሁ።

ገንዘቡስ? ተማሪው ለትምህርቱ አምስት ሳንቲም አይከፍልም። በተለመደው መንገድ የሚገባ ልጅ በ2025 የትምህርት ዘመን በዓመት እስከ 9,535 ፓውንድ ይጠየቅ ነበር፤ አብዛኛው በብድር ነው የሚከፍለው። በአፕሬንቲስሺፕ ብድርም የለም። እዚህ ያላችሁ ሙስሊም ወገኖቼ ይህ ነገር ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል። በወለዱ ምክንያት ልባቸው እየደማ ዩኒቨርሲቲን የተዉ ልጆች አውቃለሁ። ወጪውን የሚሸፍነው የደመወዝ ወጪያቸው በዓመት ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ የሚበልጥ ቀጣሪዎች ከ2017 ጀምሮ የሚከፍሉት 0.5 በመቶ መዋጮ ነው። ትንሽ ቀጣሪ ከሆነ መንግሥት አብዛኛውን ይከፍልለታል፤ ተማሪው ከ22 ዓመት በታች ከሆነ ደግሞ ከ2024 ወዲህ ሙሉውን።

ደመወዙ ላይ ግን አልዋሻችሁም። ለአፕሬንቲስ የተወሰነው ዝቅተኛ ክፍያ ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ በሰዓት 7 ፓውንድ ከ55 ነበር። ዕድሜው ከ19 በታች የሆነ፣ ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ የመጀመሪያ ዓመቱ ላይ ያለ ሰው በዚህ ሊቀጠር ይችላል። በዚያው ጊዜ ለ21 ዓመትና ከዚያ በላይ ላለ ሌላ ሠራተኛ 12 ፓውንድ ከ21 ነበር። በ7 ከ55 ለንደን ውስጥ ቤት ተከራይቶ መኖር አይታሰብም። ደግነቱ ከዚያ በላይ የሚከፍሉ ቀጣሪዎች አሉ፤ ማስታወቂያው ላይ ቁጥሩን ሳታዩ አታመልክቱ።

እሺ፣ ታዲያ ለምን በዚህ መንገድ? ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ተምሮ ወጥቶ መቀጠር አይሻልም ወይ? ለሌላ ሙያ ልከራከር አልችልም። ለዚህኛው ግን አጎቴን ላንሳ። አጎቴ ጎጃም ቅኔ ቤት ቆይቷል። እዚያ ተማሪው ቀን ሙሉ ብቻውን ዱር ገብቶ ቅኔ ይቆጥራል፤ ከዚያ መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ያርመዋል፣ አንዳንዴም ባልንጀሮቹ ፊት ያፈርስበታል። በማግስቱ ይመለሳል። አጎቴ «ቅኔን የሚያስተምርህ የቆጠርከው ሳይሆን የፈረሰብህ ነው» ይል ነበር። እኔም ሱፐርቪዥን የሚባለውን ነገር መጀመሪያ ስሰማ ትዝ ያለኝ ይኸው ነው። በየጊዜው ልምድ ካላት ባለሙያ ጋር በር ዘግታችሁ ትቀመጣላችሁ። የሠራችሁትን ትናገራላችሁ። ታፈርስባችኋለች። ረቡዕና ሐሙስ ከልጆች ጋር የሠራሁትን፣ ዓርብ ማስታወሻዬ ላይ የጻፍኩትን፣ ሱፐርቫይዘሬ ያፈረሰችብኝን፣ ማክሰኞ ክፍል ውስጥ ስም አገኘሁለት። ንድፈ ሐሳቡ ከሥራው በአምስት ወይም በስድስት ቀን ነበር የሚርቀው። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ሦስት ዓመት ይርቅ ነበር።

አንዱን የፈረሰብኝን ልንገራችሁ። ልጅቷ እንዳትታወቅ ነገሩን ትንሽ ቀይሬዋለሁ።

አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ የእኛው ልጅ። ማዕከሉ ውስጥ አማርኛ የምንናገረው ሁለታችን ብቻ ነበርን። ወራት ፈጅቶብኝ ነው የቀረበችኝ። አንድ ማታ ወንበር ስናነሳ «አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ግን ለማንም እንዳትነግሪ» አለችኝ። እኔም እሺ አልኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። «አመነችኝ» ብዬ። የነገረችኝ ነገር ግን ብቻዬን ልይዘው የማይፈቀድልኝ ሆነ፤ ጉዳት ላይ ነበረች። ማዕከሉ ውስጥ ለልጆች ደኅንነት ኃላፊ የሆነ ሰው አለ፣ በዚያው ማታ ለእሱ መንገር ነበረብኝ፤ ነገርኩ። ልጅቷ ስትሰማ ያየችኝን አስተያየት አልረሳውም። «አንቺም እንደነሱ ነሽ» አለችኝ። ሁለት ወር ጠፋች።

ሱፐርቪዥን ላይ እያለቀስኩ «ቃሌን ማፍረስ ነበረብኝ፣ ምን ላድርግ» አልኩ። ሱፐርቫይዘሬ መሐረብ አቀበለችኝና «ማፍረስሽ ትክክል ነው። እኔ የምጠይቅሽ ለምን እሺ እንዳልሽ ነው። እሺ ያልሽው ለእሷ ብለሽ ነው ወይስ መታመን ስለጣመሽ?» አለችኝ። ይህንን ጥያቄ በንግግር አዳራሽ ሁለት መቶ ሰው መሐል ተቀምጬ ማንም አይጠይቀኝም ነበር። ዛሬ አንድ ልጅ «ለማንም እንዳትነግሪ» ሲለኝ ከመስማቴ በፊት አስቆመዋለሁ። «እሰማሃለሁ። ግን አንተ ወይም ሌላ ሰው አደጋ ላይ ያላችሁ ከመሰለኝ ብቻዬን አልይዘውም። ለማን እንደምነግር መጀመሪያ ለአንተው እነግርሃለሁ» እለዋለሁ። አንዳንዱ እዚያው ያቆማል። አብዛኛው ግን ትንሽ ያስብና ይቀጥላል።

ልጅቷ ተመልሳ መጣች። ስለዚያ ጉዳይ አላወራንም። ጆተኒ ተጫወትን፣ አሸነፈችኝ።

የእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ይህ ሥራ ሌላም ውጥረት አለው። አንድ ደብር እንሄዳለን፣ አንድ ዕድር ውስጥ ነን፣ ሠርግ ላይ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እንቀመጣለን። ዕሁድ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እናት ክንዴን ይዛ «የኔ ልጅ፣ ያቺ ልጄ እዚያ ምን ትላለች?» ትለኛለች። እትዬ ብዬ ጉልበት ስሜ ያደግኩባት ሴት ናት። አልነግራትም። እንዴት እንደማልነግራት ግን መማር ነበረብኝ፤ «ደኅና ናት፤ እስቲ እርስዎ ራስዎ ይጠይቋት፣ ሽንኩርት እየላጣችሁ» እላለሁ። ፈረንጅ ባልደረቦቼ ይህ ችግር የለባቸውም፤ ማታ ሥራቸውን ጨርሰው ሌላ ሰፈር ይገባሉ። በሌላ በኩል እነሱ የማይሰሙትን እኔ እሰማለሁ። አንድ ልጅ «ቤት ውስጥ ተቆጡኝ» ሲል የቱ የእናት ቁጣ እንደሆነና የቱ እንዳልሆነ፣ «አኮረፍኩ» ሲል ለስንት ቀን እንደሆነ። ብቻውን ከኢትዮጵያ ወይም ከኤርትራ በሱዳንና በሊቢያ አቋርጦ የመጣ የ16 ዓመት ልጅ ደግሞ አለ፤ እሱ እንዲያወራ የሚጠይቁት ሁሉ ወረቀት ይዘው ነው የሚጠይቁት። ወረቀት ያልያዘ ሰው ሲያገኝ መጀመሪያ ይጠራጠራል። ያንን ጥርጣሬ ለማክበር ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ለስድስት ሳምንት በር አጠገብ ኮፍያውን ሳያወልቅ ቁጭ ብሎ የሄደ ልጅ አለኝ። በየሳምንቱ ሻይ አስቀምጥለት ነበር። በሰባተኛው ስኳሩ አንሷል አለኝ።

አሁን የመንገዱን እሾህ ልናገር። መጀመሪያ የቀጠረኝ ድርጅት፣ ስሙን አልጠራም፣ ከሦስት ወር በኋላ ሰው ጎደለበትና እንግዳ መቀበያው ላይ አስቀመጠኝ። «ለጊዜው ነው» አሉኝ። ስልክ አነሳለሁ፣ አዳራሽ አከራያለሁ። ከዚያ ማክሰኞዬም ተነካ፤ «ዛሬ ብቻ ቅሪልን» ማለት ጀመሩ። እኔም ይሉኝታ ይዞኝ፣ ገና ልጅ ነኝ፣ ሥራ ሰጥተውኛል ብዬ ዝም አልኩ። ያዳነኝ በየሦስት ወሩ ገደማ የሚደረገው የሦስትዮሽ ስብሰባ ነው፤ ተማሪው፣ ቀጣሪውና የዩኒቨርሲቲው መምህር አብረው የሚቀመጡበት። መምህሬ የሰዓት መዝገቤን ገልጦ «ይህች ልጅ ስምንት ሳምንት ውስጥ ከወጣት ጋር የሠራችው ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ጠየቀ። የመለሰ ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲያ ማክሰኞዬን የነካ የለም። ርካሽ ጉልበት መፈለግ በዚህ መንገድ ላይ ያለ እውነተኛ አደጋ ነው፤ በይሉኝታ ያደገ የሐበሻ ልጅ ደግሞ ለዚህ ምቹ ነው። ሰዓታችሁን ጻፉ። ለቃለ መጠይቅ ስትገቡም እናንተ ጠይቁ፤ ሱፐርቪዥን የሚሰጠኝ ማነው፣ እሱ ራሱ ባለሙያ ዩዝ ወርከር ነው ወይ፣ የትምህርት ቀኔ የትኛው ነው በሉ።

ሌላም መጠየቅ ያለበት አለ። ዩዝ ወርከር የሚለው ስም እንደ ሶሻል ወርከር በሕግ የተጠበቀ አይደለም፤ ማንም ራሱን እንዲህ ብሎ መጥራት ይችላል። ስለዚህ የምትገቡበት ትምህርት በናሽናል ዩዝ ኤጀንሲ የጸደቀ፣ ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ጄ ኤን ሲም የሚቀበለው መሆኑን ሳታረጋግጡ አትፈርሙ። አለበለዚያ ሦስት ዓመት ሠርታችሁ ዲግሪ ትይዛላችሁ፣ ባለሙያ ግን አትባሉም። ለዲግሪው የማይደርስ ውጤት ያለው ደግሞ ከታች፣ ደረጃ ሦስት ላይ፣ የረዳት ዩዝ ወርከር አፕሬንቲስሺፕ አለ፤ ከዚያ መውጣት ይቻላል። የስደተኝነት ፈቃድ ያገኘ ሰው ሌላው የሚጠየቀውን የሦስት ዓመት ነዋሪነት ሳይጠብቅ ማመልከት ይችላል። ጉዳዩ ገና በመታየት ላይ ያለ ግን በአብዛኛው የሥራ ፈቃድ ስለሌለው፣ አፕሬንቲስሺፕ ደግሞ ሥራ ስለሆነ፣ መንገዱ ለጊዜው ዝግ ነው። ለእነሱ በበጎ ፈቃድ ማገልገል አለ። እኔም የጀመርኩት እንደዚያ ነው፣ ወንበር በማንሳት።

ለሁሉም ይሆናል አልልም። ማታ ማታ ነው የሚሠራው፣ ዝናብ ላይ ሁለት ሁለት ሆኖ መንገድ ላይ መዞር አለው፣ አንዳንድ ሳምንት ቢላዋ ያስፈራል። ከአራት ዓመት በኋላ ሌላ ሥራ የፈለጉ ጓደኞች አሉኝ፤ አልፈርድባቸውም።

መምህራኑ ሰዓት እያሳዩኝ ነው። ቡናውም ደርሷል፣ ሸተተኝ። ጥያቄ ያላችሁ ታናናሾቼ እዚያ መስኮቱ አጠገብ ነኝ፤ ካልፈለጋችሁ አትምጡ። እናቶች፣ ይቅርታ አድርጉልኝና መጀመሪያ እነሱን ለብቻቸው ነው የማናግረው። እናንተ ስኒውን ያዙ።